ጠባብ መንገድ ላይ ትዕግስት ያስተማረኝ ሪቨርስ ነው

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሰባት አመት አልፎኛል፣ ከሰባቱ አምስቱን "እኔ ጥሩ ሹፌር ነኝ፣ ችግሩ ሌላው ነው" እያልኩ ነው የነዳሁት። በየቀኑ የምመላለስበት መንገድ ከዋናው አስፋልት ተገንጥሎ በእርሻ መሃል የሚሄድ 18 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፣ አንድ መኪና ደልቶት ይሄድበታል፣ ሁለተኛ ከመጣ ግን አንዱ የግድ መጠጋት አለበት፣ ኩርባው ብዙ ነው፣ ዳሩ አንዳንድ ጋ ቁጥቋጦ አንዳንድ ጋ ቦይ ነው፣ ሁለት መኪና በደንብ የሚተላለፍበት ሰፋ ያለ ቦታ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። እዛ መንገድ ላይ መስኮት ዘግቼ ብቻዬን የተሳደብኩትን ስድብ እኔና መኪናዋ ብቻ ነን የምናውቀው።

አሁን ተረጋግቻለሁ። ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ እመጣበታለሁ። ልፃፈው ያልኩት ግን ሰው ሁሉ "ታገስ፣ ታገሺ" ይላል እንጂ ትዕግስቱ ከየት እንደሚመጣ የሚናገር ስለሌለ ነው፣ እኔ ጋ ደግሞ የመጣው ጭራሽ ባላሰብኩት በኩል ነው።

የሆነ ቀን ጠዋት ቁልቁለቱን እየወረድኩ ነው፣ ረፍዶብኛል (ያኔ ያልረፈደብኝ ቀን አልነበረም)፣ አንዱን ኩርባ እንደጨረስኩ ከታች እስከ አፉ የጫነ የጭነት መኪና ዳገቱን እያቃሰተ ሲመጣ አየሁት። ፍሬን ያዝኩ፣ እሱም ቆመ፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠጥን። ከኋላዬ 40 ሜትር በማይሞላ ርቀት ሰፊ ቦታ አለ፣ አሁን ነው ያለፍኩት፣ አውቀዋለሁ። አልተመለስኩም። ክላክስ አደረግኩ። እሱ ክላክስ አላደረገም፣ ዝም ብሎ ያየኛል። ሞተር አጠፋሁና ስልኬን አውጥቼ የሆነ ነገር የማነብ መሰልኩ፣ አንድም ፊደል አላነበብኩም። እልህ ምላጭ ያስውጣል የሚሉት እንደዚ ነው፣ የረፈደብኝ እኔ፣ ሞተር አጥፍቼ የተቀመጥኩትም እኔ።

ቆየት ብለው ሰውዬው ወረዱ። አዛውንት ናቸው። ቀስ ብለው መጡና መስኮቴ ጋ ጎንበስ ብለው "ልጄ፣ ወደኋላ መሄድ ያስፈራሃል እንዴ? ካስፈራህ ውረድ፣ እኔ ልመልስልህ" አሉኝ። ቁጣ የለው፣ ሹፈት የለው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፣ ለስድብ መልስ አላጣም፣ ለዚህ ግን ምን ይባላል? እውነታቸውን ነዋ። "አይ አባባ፣ እችላለሁ" አልኩና ሞከርኩ፣ መጀመሪያ ቀጥታ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁና ስፖኪዮዬ ታጠፈ፣ ሁለተኛ ስሞክር የኋላ ጎማዬ ቦዩ አፋፍ ላይ ደረሰ፣ ከዛ እሳቸው ከኋላ ቆመው በእጃቸው እያሳዩ "ወደ ቀኝ ስበረው፣ በቃ፣ አሁን ቀጥ አርገው፣ ና ና ና" እያሉ አስገቡኝ። ለ40 ሜትር! ከፍጥጫው ጋር ሲደመር ግማሽ ሰአት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ሲያልፉ እጃቸውን አነሱልኝ፣ እኔን ደግሞ መሪው ስር መደበቅ ነው ያማረኝ።

ማታ ቤት ገብቼ ሳስበው ነው ነገሩ የገባኝ። እኔ ትዕግስት የሌለኝ ሰው አይደለሁም፣ ሪቨርስ የማልችል ሰው ነኝ። ወደኋላ መሄድ የማይችል ሰው ፊት ለፊት ሲገጥም ያለው አማራጭ ሌላው እንዲመለስለት ማድረግ ብቻ ነው፣ ስለዚ ይቆጣል፣ ክላክስ ያደርጋል፣ መብራት ያበራል፣ መብቴ ነው ይላል፣ ውስጡ ግን ፍርሃት ነው። ሁሉም እንደዚ ነው አልልም፣ የለየለት ባለጌም አለ፣ ግን ከዛ ቀን በኋላ ፊቴ ተገትሮ አልመለስም የሚለውን ሹፌር እጁን ሳየው ብዙ ጊዜ መሪውን ጨምድዶ ይዞ ነው የማየው፣ የራሴን ፊት የማይ ነው የሚመስለኝ።

መብቴ ያልኩት ራሱ ደግሞ መብቴ አልነበረም። ኋላ ላይ ሳነብ በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው የቬይና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት አንቀጽ 12 ላይ ይሄን ጉዳይ ቁጭ አርጎታል፦ ዳገታማ መንገድ ላይ መተላለፍ ሲያስቸግር ጥግ ይዞ ማሳለፍ ያለበት የሚወርደው ነው፣ የሚወጣው መኪና ፊት ለፊቱ መጠጊያ ቦታ ካለውና እዛ ቢገባ ማንም ወደኋላ መመለስ የማያስፈልገው ከሆነ ግን የሚወጣው ይግባ ይላል። የግድ ሪቨርስ ከመጣ ደግሞ ቀላሉ ለከባዱ ይመለሳል፣ የጭነት መኪና ለአውቶቡስ ይመለሳል፣ ተሳቢ ለሚጎትት ሌላው ይመለስለታል፣ እኩያ ከሆኑ የሚወርደው ይመለስ፣ ለሚወጣው በግልጽ የሚቀለው ካልሆነ በቀር። ዝርዝሩ በየሀገሩ ሊለያይ ይችላል ግን ምክንያቱ የትም አንድ ነው፣ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ የቆመ መኪና እንደገና ለመነሳት ፍሪሲዮኑን ያቃጥላል፣ ወደኋላም ሊንሸራተት ይችላል። እኔ እንግዲህ ቀላል መኪና፣ ወራጅ፣ ከኋላዬ ሰፊ ቦታ ያለኝ። በሁሉም ተሸናፊ ነኝ፣ ክላክስ ያደረግኩት ግን እኔ።

በሚቀጥለው እሁድ ባዶ ሜዳ ሄድኩ። ድንጋይና ባዶ ጄሪካን በሁለት መስመር ደርድሬ የመንገዱን ስፋት የሚያህል መተላለፊያ ሰራሁ፣ መጀመሪያ ቀጥ ያለ፣ ከዛ ኩርባ ያለው። ብዙ ጄሪካን ገጭቻለሁ። የተማርኩት ነገር ሲነገር ቀላል ነው፣ የመኪናው ጭራ ወዴት እንዲሄድ ነው የምትፈልገው? መሪውን ወደዛው። ችግሩ ሰው ሲደነግጥ መሪውን አብዝቶ ይሰብራል፣ መኪናው ይገባል፣ ተመልሶ ወደዛኛው ይሰብራል፣ እባብ ይሰራል። መድሃኒቱ ፍጥነቱን በፍሪሲዮን ይዞ ከእግረኛ ማሳነስና መሪውን በትንሽ በትንሹ ማረም ነው። ሌላው ስፖኪዮ ብቻ እያየሁ ነበር የምመለሰው፣ አሁን ትከሻዬን አዙሬ በኋላ መስታወት ነው የማየው፣ ስፖኪዮውን ዳሩን ለማየት ብቻ አልፎ አልፎ፣ የቦዩን በኩል ደግሞ ወደታች ዘንበል አረገዋለሁ የኋላ ጎማዬ ከአፋፉ ምን ያህል እንደራቀ እንዲያሳየኝ። አንድ ማንም ያልነገረኝ ነገር ደግሞ ወደኋላ ስትታጠፍ የፊቱ ጥግ በተቃራኒው ወጣ ብሎ እንደሚጠርግ ነው፣ ሁሉም ሰው ኋላውን ሲያይ ፊቱን ይገጫል፣ እኔም ገጭቻለሁ።

ሶስት እሁድ ነው የፈጀብኝ። ከዛ በኋላ መንገዱ ላይ የተለወጠው ነገር ራሴንም ገረመኝ፣ መኪና ከሩቅ ሲመጣ ሳይ ልቤ አይመታም፣ "የት ልጠብቀው?" ብቻ ነው የማስበው። ሰፋ ያሉትን ቦታዎች እያለፍኩ ስሄድ በልቤ እቆጥራቸዋለሁ፣ ያለፍኩት ቅርብ ነው ወይስ የሚመጣው? ስለዚ ብዙ ጊዜ ሪቨርስ ራሱ አያስፈልገኝም፣ ቀድሜ ገብቼ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ስለ ፍጥነት ደግሞ ሂሳብ ሰራሁ፣ ሂሳብ አልወድም ግን ይሄ ጠቅሞኛል። 18 ኪሎ ሜትሩን በ60 ብሄደው 18 ደቂቃ፣ በ45 ብሄደው 24 ደቂቃ ነው። ስድስት ደቂቃ። እሱም እንግዲህ ኩርባ ከሌለ፣ ትራክተር ከሌለ፣ ከብት ከሌለ፣ አንድም መኪና ካልመጣ ነው፣ ያ ቀን ደግሞ መጥቶ አያውቅም። በ50 የሚሄድ መኪና በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ከፊትህ የሚመጣውም በ50 ከሆነ መሃላችሁ ያለው ቦታ በየሰከንዱ 28 ሜትር ያልቃል፣ እግር ከነዳጅ ተነስቶ ፍሬን እስኪነካ ራሱ አንድ ሰከንድ ሊሄድ ይችላል። ስለዚ የማየው መንገድ ሁሉ የኔ አይደለም፣ ግማሹ ከዛ የሚመጣው ሰው ነው፣ በግማሹ ውስጥ መቆም በምችልበት ፍጥነት ነው የምነዳው። የማይታይ ኩርባ ላይ አንዴ አጠር ያለች ክላክስ፣ ማታ ደግሞ የሚመጣው መኪና ብርሃኑ ቁጥቋጦው ላይ ሲያርፍ ገና ሳይታይ ረጅሙን መብራት ዝቅ።

ከኋላ ስለሚገፋው ሰውዬ ካላወራሁ ፅሁፉ አያልቅም። ያኔ እኔ ነበርኩ እሱ፣ ትራክተር ቂጥ ላይ ተለጥፌ መሪውን እየደበደብኩ። መለጠፉ ከሁሉም የከፋ ስራ ነው፣ ምክንያቱም ተጠግተህ ከፊት ያለው ምንም አይታይህም፣ ራቅ ስትል ነው መንገዱ የሚከፈትልህ። አሁን ከኋላዬ አንዱ ሲለጠፍ ፍሬን አልመታበትም፣ ፍጥነትም አልጨምርም (ሁለቱንም አድርጌ አውቃለሁ፣ ሁለቱም እብደት ነው)፣ የሚቀጥለው ሰፊ ቦታ ጋ ፍሬቻ አሳይቼ ገብቼ እቆማለሁ፣ ይሂድ። አስር ሰከንድ ነው የሚፈጀው፣ ከዛ በኋላ ያለው መንገድ የራሴ ይሆናል።

ግን ጨዋነትም ልክ አለው፣ እዚህ ጋ አንድ ጥፋት ሰርቻለሁ። አዲስ ትሁት በሆንኩ ሰሞን ከኋላዬ ያለችውን ሴትዮ በእጄ "እለፊ እለፊ" አልኳት፣ መንገዱ ባዶ መስሎኝ ነበር፣ ደርባ ስትወጣ ከኩርባው ሞተር ሳይክል ከተፍ! ሞተረኛው ዳር ወጥቶ አመለጠ፣ ማንም አልተጎዳም፣ እኔ ግን እጄ ለሰአታት ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዛ ወዲህ ለማንም እለፍ ብዬ ምልክት አልሰጥም። ገብቼ እቆማለሁ፣ ማለፍ አለማለፉን ራሱ አይቶ ይወስን። መብራት ብልጭ ማድረግም እንደዛው ነው፣ ለአንዱ "ና" ማለት ነው ለሌላው "እየመጣሁ ነው ቁም" ማለት ነው፣ ሁለት ሰው በየራሱ ቋንቋ ሲተረጉመው መሃል ላይ ይገናኛሉ። ቆሞ መጠበቅን ግን የሚሳሳተው ሰው የለም።

ሌላው ደግሞ ዳር መያዝ። ለሰው ልልቀቅ ብዬ ከዝናብ በኋላ ሳሩ ላይ ወጥቼ ጎማዬ ሰጥሞ ቀርቷል፣ ያሳለፍኩት ሰውዬ ነው ተመልሶ የጎተተኝ፣ ሁለታችንም ስቀናል። ሳር የሸፈነው ነገር መሬት ይሁን ቦይ አይታወቅም፣ ካላወቅኩት አልወጣበትም፣ ወደማውቀው ቦታ እመለሳለሁ። እግረኛና ከብት ሲሆን ደግሞ ክላክስ የለም፣ የደነገጠ ከብት የሚሮጠው ወዳልጠበቅከው ነው፣ ቀስ ብሎ ሰፋ አድርጎ ማለፍ፣ ካልተቻለ መቆም።

ሙሉ በሙሉ አልተረጋጋሁም ያልኩት ለዚህ ነው፣ ባለፈው ሳምንት አንዱ አዲስ መኪና የያዘ ልጅ ገጠመኝ፣ ዳገቱን የምወጣው እኔ ነኝ፣ መጠጊያው ከሱ ኋላ 20 ሜትር ላይ ነው፣ ከኔ ኋላ ደግሞ ወደ 60 ሜትር። ጠበቅኩት፣ አልተንቀሳቀሰም። እጁን አየሁት፣ መሪውን ጨምድዷል። እሺ ብዬ 60ውን ሜትር ቀጥ አርጌ ተመለስኩ፣ አንድ ቅጠል ሳልነካ፣ በራሴ እየኮራሁ፣ ቦታዬን ይዤ መስኮት ከፍቼ ሰላምታውን ስጠብቅ ልጁ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ አለፈ። እጅ የለም፣ ክላክስ የለም፣ ምንም። ሶስተኛው ኩርባ እስክደርስ ድረስ መስኮቴን ዘግቼ ስሰድበው ነበር።