ቅድስት ካታሪና ዘሲዬና፦ ከአቪኞን በኋላ የነበሩት ዓመታት

ዛሬ ሚያዝያ 21 ቀን የቅድስት ካታሪና ዘሲዬና የዕረፍቷ መታሰቢያ ነው። ሮም ስለምኖር በዓሏ በደረሰ ቁጥር ስለ እርሷ የሚሰጠውን ስብከት እሰማለሁ፤ አብዛኛውም አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ይቆማል። ትምህርት ቤት ያልገባች የጨርቅ አቅላሚ ልጅ ርዕሠ ሊቃነ ጳጳሳቱን (የሮሙን ፓፓ) በዛሬዋ ደቡብ ፈረንሳይ ካለችው ከአቪኞን ወደ ሮም መለሰቻቸው ይባልና ታሪኩ በድል ይዘጋል። መመለሳቸው እውነት ነው። ነገር ግን ካታሪና ከዚያ በኋላ ከሦስት ዓመት በላይ ኖራለች፤ የደከመችበት ነገር ዓይኗ እያየ ሲፈርስ ተመልክታለች፤ በ33 ዓመቷ ያረፈችውም ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ተከፍላ ሳለች ነው። ለእኔ ቅድስናዋ ጎልቶ የሚታየኝ በእነዚያ ዓመታት ስለሆነ፣ የማስበውን ለራሴ ጽፌ ላስቀምጥ ፈለግሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደችው በ1347 ዓ.ም. በሲዬና ከተማ፣ ፎንቴብራንዳ በሚባለው ምንጭ አቅራቢያ ነው። አባቷ ጃኮሞ ቤኒንካሳ የጨርቅ ማቅለሚያ ቤት ነበረው። እናቷ ላፓ 25 ልጆች እንደወለደችና ካታሪና ከመጨረሻዎቹ አንዷ እንደሆነች ይተረካል፤ አብራት የተወለደችው መንታ እኅቷ በጨቅላነቷ ሞታለች። በተወለደች በዓመቱ ታላቁ ወረርሽኝ ሲዬናን መታ። ከተማዋ ካቴድራሏን እጅግ ለማስፋት የጀመረችውን ግንባታ ያን ጊዜ አቋርጣ ተወችው፤ ሳያልቅ የቀረው ግድግዳ ዛሬም ቆሞ ይታያል። ካታሪና ነፍስ ያወቀችው እንግዲህ ሐዘን ያልገባበት ቤት በማይገኝበት ከተማ ነው።

እኅቷ ቦናቬንቱራ በ1362 በወሊድ ከሞተች በኋላ ቤተሰቡ ካታሪናን ለመዳር ተነሣ፤ እርሷ ግን ገና በልጅነቷ ራሷን ለክርስቶስ ሰጥታ ነበርና ጠጉሯን ቆርጣ ጣለችው። በዚህ ምክንያት ለብቻዋ የምትጸልይበትን ክፍል ነፍገዋት የማድ ቤቱን ሥራ ሁሉ በእርሷ ላይ ጫኑባት። በኋላ ንስሐ አባቷ የሆኑትና ገድሏን የጻፉት አባ ራይሞንዶ ዘካፑዋ እንደሚተርኩት፣ ያን ጊዜ ማንም ሊያስወጣት የማይችልበትን ክፍል በልቧ ውስጥ ሠራች፤ አባቷን እንደ ክርስቶስ፣ እናቷን እንደ እመቤታችን፣ ወንድሞቿን እንደ ሐዋርያት እየቆጠረች ገበታ ታቀርብላቸው ነበር። በሰው ቤት እያደርን ለምንሠራ፣ የራሳችን በር ለሌለን ሰዎች፣ ይህ የገድሏ ክፍል ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገኝም።

ብዙ ሰው ካታሪናን በገዳም የኖረች መነኩሲት አድርጎ ያስባታል፤ አልነበረችም። የገባችው ማንተላቴ ወደሚባሉት፣ ነጭ ቀሚስና ጥቁር ካባ ለብሰው በየቤታቸው እየኖሩ የዶመኒካን መነኮሳት ማኅበርን መንፈሳዊ ሥርዓት ወደሚከተሉት ሴቶች ማኅበር ነው። አብዛኞቹ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ነበሩና እንዲህ ያለች ወጣት ልጅ ለመቀበል መጀመሪያ አመንትተው ነበር። ሦስት ዓመት ያህል በክፍሏ በዝምታና በጸሎት ከቆየች በኋላ፣ በ1368 ገደማ ጌታ ወደ ሰዎች እንድትወጣ አዘዛት፤ የገዳም ቅጥር ስላልነበረባትም ወደ ሆስፒታሉ፣ ወደ እስር ቤቱና ወደ ድሆች ቤት መግባት ቻለች።

ከማኅበሯ እኅቶች አንዷ፣ አንድሬያ የምትባል፣ ጡቷ ላይ ካንሰር ወጥቶባት ነበር። ከሽታው የተነሣ የሚቀርባት ሰው ሲጠፋ ካታሪና ቁስሏን ማጠብ ጀመረች። ሴትዮዋ ግን እያደር ጠላቻት፤ በድንግልናዋ ላይ ሳይቀር ክፉ ወሬ አስወራችባት። ላፓ ይህን ስትሰማ ዳግመኛ እዚያ ቤት እንዳትረግጥ ልጇን ብትከለክላትም፣ ካታሪና እናቷን ለምና አስፈቅዳ ተመለሰች፤ በመጨረሻም አንድሬያ የተናገረችው ሐሰት መሆኑን በሰው ፊት አመነች። እኔ የማስታምማት አሮጊት አንዳንድ ቀን ጠዋት ማንነቴ ይጠፋባትና ቦርሳዬን ወስደሻል ትለኛለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እጄን ይዛ ልጄ ትለኛለች። የእኔዋ ይህን የምትለው በበሽታዋ ምክንያት ነውና ቂም የሚያዝበት ነገር የለውም። አንድሬያ ግን አእምሮዋ ሙሉ ነበር። የካታሪና ትዕግሥት የሚደንቀኝም ለዚህ ነው።

በዚሁ ታሪክ ውስጥ የማልከተላት ነገር አለ። ካታሪና ቁስሉ ስላቅለሸለሻት በራሷ ተቆጥታ እጣቢውን እንደጠጣች አባ ራይሞንዶ ጽፈዋል። ለዘመኑ ሰው ይህ ሥጋን ድል የመንሳት ምልክት ነበር። እኔ ግን ለታማሚዋ ያደረገችላት ቁስሏን ማጠቧና ስሟን ካጠፋች በኋላም ወደ እርሷ መመለሷ እንደሆነ አምናለሁ፤ ቀሪው ባይኖርም ቅድስናዋ አይጎድልም።

ወደ 380 የሚሆኑ ደብዳቤዎቿ እስከ ዛሬ ይገኛሉ። ኔሪ፣ ስቴፋኖና ባርዱቾ የተባሉ ወጣት ደቀ መዛሙርቷ እርሷ ስትናገር ይጽፉ ነበር፤ ለንግሥት፣ ለቅጥረኛ ወታደሮች አለቃ፣ ለእስረኞች፣ በፔሩጃ ለምትኖር አንዲት ሴተኛ አዳሪ ሳይቀር ጽፋለች። ከሁሉም በላይ የሚከብደኝ ለአባ ራይሞንዶ ስለ አንድ የሞት ፍርደኛ የጻፈችው ነው። ኒኮሎ ዲ ቱልዶ ይባላል የሚሉት ይህ የፔሩጃ ወጣት በሲዬና አንገቱ እንዲቆረጥ ተፈርዶበት በፍርሃትና በቁጣ ተይዞ ሳለ፣ ካታሪና እስር ቤት ሄደች። ንስሐ ገባ፤ ቅዱስ ቁርባን ተቀበለ፤ ሆኖም በዚያች ሰዓት ብቻውን እንዳይሆን ፈርቶ አብራው እንድትሆን ለመናት። ቃል ገባችለት።

በፍርዱ ቀን ከእርሱ ቀድማ መቁረጫው ቦታ ደረሰች። እርሱ እስኪመጣ ስትጠብቅ የገዛ አንገቷን ግንዱ ላይ አጋድማ ሞከረችው። ኒኮሎ ደርሶ ሲያያት ፈገግ አለና በመስቀል ምልክት እንድታማትብለት ጠየቃት። አማትባ፣ አንገቱን በእጇ አስተካክላ፣ ጎንበስ ብላ የበጉን ደም አስታወሰችው፤ እርሱም ኢየሱስና ካታሪና ከሚሉት ሁለት ስሞች በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። የተቆረጠውን ራስ በሁለት እጇ ተቀበለችው። ልብሷ ላይ የፈሰሰውን ደም ማጠብ እንዳሳዘናትም ጽፋለች። ወጣቱን ከፍርዱ ማዳን አልቻለችም፤ በደብዳቤው ውስጥ በዳኞቹ ላይ ክርክር አላነሣችም፤ የምትነግረን እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት አለመለየቷን ነው። ካታሪና ከዚህ በኋላ ያደረገችውን ነገር ሁሉ የማነበው በዚህ ደብዳቤ በኩል ነው።

የአቪኞኑን ነገር በአጭሩ አልፈዋለሁ። ርዕሠ ሊቃነ ጳጳሳቱ ከ1309 ጀምሮ መንበራቸው እዚያ ነበር። ፍሎረንስ ከእነርሱ ጋር ጦርነት ገጥማ ተወግዛ ስለነበር፣ ካታሪና በ1376 ሰኔ ወር ለማስታረቅ አቪኞን ደረሰች፤ የፍሎረንስ መልእክተኞች ግን ዞር ብለው እንኳ አላዩዋትም። ጎርጎርዮስ 11ኛን በደብዳቤዎቿ ጣፋጩ አባባዬ እያለች ትጠራቸው ነበር፤ በዚያው ብዕር ደግሞ ፈሪ እንዳይሆኑ፣ ቆራጥ ወንድ እንዲሆኑ ትጽፍላቸዋለች። እርሳቸው ራሳቸው መመለስን ያስቡ ነበር፤ ከእርሷ በፊትም የስዊድኗ ቅድስት ብርጊታ ይህንኑ ስትወተውት ኖራ በ1373 ዐርፋለች። የካታሪና ድርሻ የሚያመነታውን ሰው ማበርታት ነበር ብል ሐቁን ያሳነስኩት አይመስለኝም። በመስከረም ከአቪኞን ተነሥተው በጥር 1377 ሮም ገቡ።

በ1378 መጋቢት ጎርጎርዮስ 11ኛ ዐረፉ። ከውጭ የሮም ሕዝብ ሮማዊ ወይም ጣሊያናዊ ይመረጥልን እያለ እየጮኸ፣ ካርዲናሎቹ በሚያዝያ ኡርባኖስ 6ኛን መረጡ። አዲሱ ርዕሠ ሊቃነ ጳጳሳት ቤተ ክርስቲያንን ማደስ ቢሹም ኃይለኛና ቁጡ ነበሩና ካርዲናሎቹን በአደባባይ አዋረዷቸው። ካርዲናሎቹም ከእርሳቸው ተለይተው በመስከረም ፎንዲ ላይ ሌላ መረጡ፤ ክሌሜንጦስ 7ኛ የተባለው እርሱም ተመልሶ መቀመጫውን አቪኞን አደረገ። ካታሪና ሕይወቷን የሰጠችለት መመለስ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሁለት መንበር ወልዶ አረፈ።

እዚህ ላይ ያደረገችውን ነው ደግሜ ደግሜ የማየው። ሲዬና ቁጭ ብላ ማዘን ትችል ነበር። በኅዳር 1378 ሮም መጣች፤ ኡርባኖስን በሙሉ ልቧ ደገፈች፤ ደግፋም አልሸነገለቻቸውም። በዚያው ዓመት በገና በዓል በማር የተዘጋጀና በወርቅ የተለበጠ ብርቱካን ላከችላቸውና፣ መራራው ፍሬ በውኃ ተቀቅሎ ምሬቱ እንዴት እንደሚወጣ፣ በምትኩ እንዴት እንደሚጣፍጥ በደብዳቤው ዘርዝራ ጻፈችላቸው። ቁጣቸው ምን እንዳስከተለ ለሚያውቅ ሰው የብርቱካኑ ትምህርት ግልጽ ነው፤ እንዲህ ያለውን ተግሣጽ በፍቅር የሚያቀርብ ሰው በማንኛውም ዘመን ብርቅ ነው።

ለአባ ራይሞንዶ ግን አልራራችም። ኡርባኖስ ወደ ፈረንሳይ ንጉሥ ላኳቸው፤ ካታሪና እስከ መርከቡ ሸኘቻቸው፤ ከእንግዲህ በዚህ ዓለም እንዲህ ተቀምጠን አንነጋገርም ብላ፣ መርከቡ ሲንቀሳቀስ ተንበርክካ አማተበች። እርሳቸው ግን መንገድ ላይ ሊይዟቸው የሚጠብቋቸው ጠላቶች እንዳሉ ሰምተው ጉዞውን ተዉና ጄኖቫ ቀሩ። ቀጥ ብለው መሄድ ቢያቅትዎ በእጅዎና በጉልበትዎ ድኸው በሄዱ ነበር የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። አባ ራይሞንዶ እንኳን የእርሷን ክብር፣ የራሳቸውን ድካም ሳይሸሽጉ የጻፉ ሰው ናቸው፤ ስለ እግዚአብሔር ስትነግራቸው እንቅልፍ ይጥላቸው እንደነበርና እርሷ ትቀሰቅሳቸው እንደነበር በገድሏ ውስጥ አስፍረዋል። ምስክርነታቸውን የማምነው በአብዛኛው ለዚህ ነው።

ስለ ጾሟም ሳልጽፍ ባልፍ ደስ አይለኝም። ለብዙ ዓመታት ከቅዱስ ቁርባን በቀር ምግብ አይረጋላትም ነበር፤ ብዪ ተብላ ስትታዘዝ ታስመልሳለች። በ1380 መጀመሪያ ውኃ እንኳ መቅመስ ትታ ነበር። ይህን ለወጣት ሴቶች እንደ አርአያ አድርጎ ማስተማር ትልቅ አደጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ከእኔ በፊት ያለችው ደግሞ ራሷ ናት፤ በዲያሎጎ መጽሐፏም በደብዳቤዎቿም ሥጋን መጎሰም መሣሪያ እንጂ ግብ አይደለም፣ ዋናው ፍቅር ነው ትላለች፤ ሌሎችንም ከልክ እንዳያልፉ ትመክር ነበር። ለሌላው የሰጠችውን ምክር ለራሷ ሳትቀበለው ሞተች። ይህ ያሳዝነኛል፤ ከማልስማማባቸው ነገሮች ሁሉ የሚያመኝም ይኸኛው ነው።

በዚያው ክረምት ጉልበቷ እያለቀ በየዕለቱ በእግሯ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ እየሄደች ስለ ቤተ ክርስቲያን አንድነት ስትጸልይ ትውል ነበር፤ እስክትወድቅ ድረስ። ሚያዝያ 21 ቀን 1380 በሮም ዐረፈች ማለት በእኛ ልማድ ይቀለኛል፤ በእነርሱ አቆጣጠር አፕሪል 29 ነው። አባ ራይሞንዶ ያኔም አጠገቧ አልነበሩም። ላፓ ግን ነበረች። ጠጉሯን በመቁረጧ ያኔ የተቆጣችው እናት፣ እርሷም በስተርጅናዋ የማንተላቴን ካባ ለብሳ ልጇን ተከትላ ሮም መጥታ ነበር፤ ካታሪናም በሞት አፋፍ ላይ ሆና የእናቷን ምርቃት ጠየቀች። ሥጋዋ ያረፈው በዚሁ በሮም፣ ሳንታ ማሪያ ሶፕራ ሚኔርቫ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ራሷ ወደ ሲዬና ተወስዶ በቅዱስ ዶመኒኮስ ባዚሊካ ተቀምጧል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ክብር ብዙ ነው። የሲዬና ሰው የነበሩት ፒዮስ 2ኛ በ1461 ቅድስናዋን አወጁ፤ በ1939 ከቅዱስ ፍራንቼስኮስ ጋር የጣሊያን ጠባቂ ተባለች፤ በ1970 ጳውሎስ 6ኛ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ብለው ሰየሟት፤ በ1999 ከአውሮፓ ጠባቂዎች አንዷ ሆነች። እርሷ ስትሞት የተከፈለችው ቤተ ክርስቲያን ግን አንድ የሆነችው በኮንስታንስ ጉባኤ በ1417 ነው፤ ከሞተች ከ37 ዓመት በኋላ ማለት ነው። የጄኖቫው ተግሣጽ የደረሳቸው አባ ራይሞንዶ እርሷ ባረፈች በሳምንታት ውስጥ የዶመኒካን ማኅበር ጠቅላይ አለቃ ሆነው ተመረጡ፤ ማኅበሩንም ወደ ቀድሞ ሥርዓቱ ለመመለስ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሠሩ፤ ገድሏን ጽፈው የጨረሱትም በ1395 ነው።

ደብዳቤዎቿን በየማታው በጥቂት በጥቂቱ በጣሊያንኛ እያነበብኩ ነው፤ አረፍተ ነገሮቿ ረጃጅም ስለሆኑ ቶሎ አልሄድም። ነገ የምጀምረው ኡርባኖስን መርጠው በኋላ ለከዷቸው ለሦስቱ ጣሊያናውያን ካርዲናሎች የላከችውን ነው።