አያቴ ጀበናውን በካልሲ ሞሉት፦ በአማርኛ የቃል ሙላ ጨዋታ ስሠራ የተማርኩት

እዚህ ሜሪላንድ ተወልደው ላደጉት ልጆቼና ለእህቴ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ አስተምራለሁ። ካለፈው ወር ጀምሮ የቃል ሙላ ጨዋታ እያዘጋጀሁላቸው ነው። አንዱ ታሪኩን ደብቆ ይይዛል፤ ከሌሎቹ ስም፣ ቅጽል፣ ግስ እየጠየቀ ክፍት ቦታውን ይሞላና ጮክ ብሎ ያነበዋል።

ጨዋታው የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ሊዮናርድ ስተርን ለቴሌቪዥን ድርሰቱ አፍንጫን የሚገልጽ ቅጽል ሲፈልግ፣ ጓደኛው ሮጀር ፕራይስ ጥያቄውን ሳያስጨርሰው «ራቁት» አለው። በ1958 «ማድ ሊብስ» ብለው አሳተሙት። በእንግሊዝኛ ቃሉ እንዳለ ክፍት ቦታው ላይ ይቀመጣል። በአማርኛ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

የመጀመሪያው ታሪኬ «አንዲት ___ ወደ ገበያ ሄደች» ይል ነበር። ልጄ «ኮርማ» አለ። በሁለተኛው ከክፍት ቦታው ቀጥሎ «ው» ጻፍኩ፤ «ጀበናው» ሲሆን አማረ፣ «ድስትው» ሲሆን ተበላሸ። ልጆቹ ስቀዋል፤ እኔ ግን የተጣመመ አማርኛ ይዘው እንዳይቀሩ ሰጋሁ።

ስለዚህ ባለታሪኩን ራሴ መርጬ እጽፋለሁ፤ ጾታው ከግሱ ጋር አይጋጭም። ከክፍት ቦታው በፊት «በ»፣ «ከ» ወይም «ለ» አደርጋለሁ፤ እነዚህ ከየትኛውም ስም ጋር ይስማማሉ። ትልቁ ግኝቴ ግን የግሱ ነው። ልጆቹ ግስ ሲጠየቁ «መሮጥ»፣ «መዋኘት» ነው የሚሉት። ያንኑ ተቀብዬ ከኋላው «ጀመሩ» ወይም «አቃታቸው» ስጨምርበት ዓረፍተ ነገሩ ይቃናል።

ሦስተኛው ታሪክ እንዲህ ነበር፦ «አያቴ ቡና ሊያፈሉ ተቀመጡና ጀበናውን በ___ ሞሉት። ወዲያው ___ ሽታ ወጣ። እንግዶቹም ___ ጀመሩ።»

ሲሞላ፦ «ጀበናውን በካልሲ ሞሉት። ወዲያው ሰነፍ ሽታ ወጣ። እንግዶቹም መዋኘት ጀመሩ።» ሰነፍ ሽታ! ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተንከባለሉ። ቅጽል ምን እንደሆነ ከዚያ ወዲህ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ብዙ ቁጥር ገና እያስቸገረኝ ነበር፤ «በግ» «በጎች» ሲሆን ፊደሉ ራሱ ይለወጣል። መፍትሔው የመጣው ከእህቴ ልጅ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የራሷን ታሪክ ጽፋ መጣች፤ የመጀመሪያው መስመር «አጎቴ ከገበያ ሦስት ___ ገዛ» ይላል። ቁጥሩ ካለ ስሙ እንዳለ ይቀመጣል። እኔ «ደመና» አልኩ።