ሊጥ ላይ ያለው መስቀል

ያደግኩት ወሎ፣ ደላንታ ነው፤ ከወገልጤና ብዙም ሳይርቅ። አገሩ ደጋ ነው። ኑሯችን በበልግ ዝናብ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ዝናቡ ከጣለ ክረምት ሲገባ የበልግ ገብስ ይደርሳል። ካልጣለ ግን ዓመቱ ይረዝማል።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ሳትጸልይ የዋለችበትን ቀን ግን አላስታውስም። ለጸሎት ብላ የለየችው ሰዓት አልነበራትም። ሊጥ አቡክታ ከመክደኗ በፊት በእጇ ጠርዝ መስቀል ታደርግበታለች። እንስራ ስታዝል «በስመ አብ» ትላለች። ማታ እሳት ስትዳፍን ሁላችንንም በየስማችን እየጠራች ለእመቤታችን አደራ ትሰጠናለች። እኔ ደግሞ የቄስ ትምህርት ቤት ገብቼ፣ ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ደገምኩ። በቤታችን የተማረው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ለትምህርት ደሴ ገባሁ፤ ሥራም እዚያው ያዝኩ። ጸሎቱን ተውኩ ብዬ የተውኩበት ቀን የለም። መጀመሪያ የጠዋቱ ቀረ፣ ቀጥሎ የማታው። ዳዊቴ ሻንጣ ውስጥ እንደተቀመጠ ስምንት ዓመት አለፈው።

የቀሰቀሰኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሙስሊም ነው። ዙህር ሲደርስ የያዘውን ያስቀምጥና ሰግዶ ይመለሳል። አንድ ቀን፣ በዐቢይ ጾም፣ «አንተ ግን መቼ ነው የምትጸልየው?» አለኝ። ክፋት የለበትም። ወሎ ውስጥ እንዲህ መጠያየቅ ነውር አይደለም። አገር ቤት ዝናብ ሲጠፋ እኛ ምህላ ስንይዝ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዱአ ያደርጉ ነበር፤ የምንለምነው ያንኑ ዝናብ ነው። ግን የምመልስለት አጣሁ።

በዚያው ሳምንት ጀመርኩ፤ የጀመርኩትም ከትልቁ ነው። ዳዊት ለየቀኑ ተከፍሎ ይደገማል። የሰኞው ከመዝሙር 1 እስከ 30 ነው፣ የማክሰኞው ከ31 እስከ 60። አላርም ሞልቼ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሳሁ። ሰኞን ጨረስኩ። ማክሰኞንም እንደ ምንም ጨረስኩ። የረቡዕ ሃያ መዝሙር ብቻ ነው፤ እሱ ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። ሐሙስ ጭራሽ አልተነሳሁም። በሦስት ሳምንት ውስጥ አራቴ ጀምሬ አራቴ ተውኩት። የጎዳኝ ደግሞ ማቋረጡ ብቻ አይደለም። ባቋረጥኩ ቁጥር ከእግዚአብሔር ፊት የምቆምበት ዓይን አጣለሁ፤ ያኔ ጭራሽ እሸሻለሁ።

ለፋሲካ አገር ቤት ሄድኩ። ቀዳም ሹር ቀን እናቴ የድፎ ሊጥ ስታቦካ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።

«እማ፣ ጸሎት አቃተኝ» አልኳት።

«ምኑ አቃተህ የኔ ዓለም?»

«ሌሊት መነሳቱ።»

ሊጡ ላይ መስቀል አድርጋ ከደነችው። «እኔስ መቼ ተነስቼ አውቃለሁ? ስሠራ እለዋለሁ እንጂ።»

ደሴ ስመለስ አላርሙን አጠፋሁት። ጸሎቱን ከማልተወው ሥራ ጋር አሰርኩት። በር ስቆልፍ በስመ ሥላሴ እላለሁ። ባጃጅ ውስጥ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አደርሳለሁ። ለሻይ የጣድኩት ውሃ እስኪፈላ አንድ መዝሙር እደግማለሁ፤ አንድ ብቻ። ማታ መብራት ከማጥፋቴ በፊት የቤተሰቤን ስም እጠራለሁ። ለወራት ምንም አልጨመርኩም። መጨመር አምሮኝ ነበር፤ ግን ያ መቸኮል ነው አራቴ የጣለኝ። ፍልሰታ ሲገባ የቅዳሜውን ክፍል ጨመርኩ፤ ከ131 እስከ 150 ያለውን። ቅዳሜ ሥራ ስለሌለኝ እረጋለሁ። ከዚህ በላይ እስካሁን አልሄድኩም።

ያመለጡኝ ቀናት አሉ፤ በተለይ ሲያመኝ። ያኔ አባቴ ይታወሰኛል። አንድ ዓመት በልጉ በቅሎ ሳለ ዝናቡ ቆመ። መጋቢት ላይ ገብሱ እንዳለ ቢጫ ሆነ። አባቴ እርሻው ዳር ቆሞ ብዙ አየው። ክረምት ሲገባ ያንኑ መሬት መልሶ አረሰው፤ ዘሩም ተበድሮ ያመጣው ነበር። ቁናውን አቅፎ፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ የመጀመሪያውን እፍኝ በተነ። ድምፁ እንደ ዱሮው ነው፤ ቅሬታ አልነበረበትም። ልጅ ሆኜ ይሄ አልገረመኝም። አሁን ግን አንድ ቀን ሲያመልጠኝ፣ ያመለጠኝን እንደ ዕዳ ቆጥሬ ለማካካስ አልሮጥም። የዛሬውን ከዛሬው ቦታ እይዛለሁ።

ቀትር ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱ ነው፤ ጌታ የተሰቀለበት ሰዓት። ለዓመታት ምሳ ምን እንብላ እያልኩ የማሳልፈው ሰዓት ነበር። አሁን ባልደረባዬ ለዙህር ሲነሳ እኔም ወደ ምሥራቅ ዞሬ እቆማለሁ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 12 ጊዜ እላለሁ። 41 ጊዜ የምለው ማታ ቤት ገብቼ ነው። ከዚያ አብረን ምሳ እንወጣለን።