ሐረጎ ላይ የተተወው የድንጋይ ካባ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጡ ሐረጎ ላይ ጆሮ ይደፈናል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ደሴ 2,500 አካባቢ። ከታች በካናቴራ የተሳፈረ ሰው ላይ ሲደርስ ጃኬት ያምረዋል።

እኔ መንገድ ላይ ወረድኩ። ሥራዬ የመናፈሻ ንድፍ ነው፤ የሰፈሩ ወጣቶች የተተወ የድንጋይ ካባ መዝናኛ ይሆን እንደሆነ እንድመለከትላቸው ጠርተውኛል። ገደሉ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። ከድንጋይ መፍጫው፣ ከክሬሸሩ፣ የቀረው የኮንክሪት መሠረቱ ብቻ ነው፤ ብረቱን ማን እንደወሰደው አይጠየቅም።

ልጆቹ ሐሳባቸውን ጨርሰዋል፦ ይደልደል፣ ሳር ይነጠፍ፣ መሀሉ ላይ ትልቅ ጀበና ይቁም። (አገሩ በጀበና ሐውልት ሊያልቅ ነው።) እኔ ደግሞ የዱይስቡርግን ነገር አነሳሁ። ጀርመን ውስጥ በ1985 እ.ኤ.አ. የተዘጋ የብረት ማቅለጫ ነው። የመናፈሻ ንድፍ ባለሙያው ፒተር ላትዝ ወደ መናፈሻ ሲቀይረው ምድጃውን አላፈረሰም። ዛሬ ሰው እላዩ ወጥቶ አካባቢውን ያያል፤ በጋዝ ማጠራቀሚያው ውስጥ ውሃ ተሞልቶ ጠላቂዎች ይለማመዱበታል። የእኛም ክሬሸር መሠረት የኮምቦልቻን ሜዳ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ለምን ይፈርሳል?

እዚያ ትልቁ ራስ ምታት የተመረዘ አፈር ነበር። እዚህ ውሃ ነው። አንድ ሽማግሌ ዝም ብለው ሲሰሙን ቆይተው፣ «ልጄ፣ ክረምት ጎርፉ ከዚያ ከላይ ነው የሚመጣ። በጋ ደሞ ከብቶቹ ከዚህ ኩሬ ነው የሚጠጡ» አሉ። ኩሬውን ልጆቹ በሥዕላቸው ደፍነውት ነበር።

«አብሽሩ አባባ፣ ኩሬው አይነካም» አልኳቸው። አንዱ ጎኑ ለከብት መውረጃ ይለዝባል፤ ጥልቁ ጎን ለልጆች ስለሚያሰጋ ይታጠራል። ከሁሉ በፊት ግን ከገደሉ አናት በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል። ደሴ ዙሪያ የመሬት መንሸራተት ለማንም አዲስ ወሬ አይደለም። ከዚያ ገደሉ በደረጃ ይቆረጣል፣ እግሩ በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ሳጥን) ይታሰራል፣ የእርከኑ ጠርዝ ላይ ቬቲቨር ሳር ይተከላል። ወለሉን ሲኖትራክ ሲረግጠው ስለኖረ፣ በደንብ ካልተቆፈረና ኮምፖስት ካልገባበት ችግኝ አይዝም። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል ብለው ተከራከሩኝ። እኔ ወይራና ጽድ አልኩ፤ ይቆዩ እንጂ እግራቸው ሥር ሌላም ይበቅላል።

ቦዩ ከሰኔ በፊት ካላለቀ ግን ችግኙ ለከርሞ ይቆይ ብያቸዋለሁ።