ያጠፋሁት ሰሌዳ

አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሌሊት ጽዳት አገኘሁ። የደረሰኝ ሕንፃ የፉትቦል አሰልጣኞች ቢሮ ነበር። ፉትቦል ስል የእኛን እግር ኳስ ማለቴ አይደለም። ያቺን ሞላላዋን፣ ታቅፈው የሚሮጡባትን ነው። እግር የሚለው ስም ከየት እንደመጣላት እስካሁን አልገባኝም።

አለቃዬ ሐበሻ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ገና በመጀመሪያው ቀን "ቆሻሻ አንሳ፣ ምንጣፍ ጥረግ፣ ሰሌዳ ግን እንዳትነካ" ብለውኛል። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ክፍል ስገባ ሰሌዳው ላይ ቡና ተረጭቶበታል። ክብ፣ ኤክስ፣ ቀስት፣ ቁጥር... ሕፃን የሞነጫጨረው ነው የሚመስለው። አገር ቤት ባንክ ስሠራ ጠረጴዛዬ ላይ የቡና ጠብታ አልወድም ነበር። ስፕሬዬን ነፋሁበትና ሙልጭ አድርጌ ጠረግኩት። እንዲያውም ሲያብረቀርቅ ቆሜ አየሁት።

ዞር ስል አንድ ወጣት በካልሲው በሩ ላይ ቆሟል። ሶፋ ላይ ተኝቶ ነበር መሰለኝ፣ ጉንጩ ላይ መስመር ወጥቷል። ሰሌዳውን አየ። እኔን አየ። ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

አለመሳደቡ ዛሬም ይገርመኛል። ከእሑድ ጀምሮ የተጋጣሚውን ቪዲዮ እየቆራረጠ ያወጣው ሥራ ነው። ዋናው አሰልጣኝ ጠዋት ገብቶ ያየዋል። ስብሰባው ሊጀመር የቀረው አራት ሰዓት ተኩል ነው።

"ማርከር ያዝ" አለኝ።

እሱ ላፕቶፑን እያየ ይናገራል፣ እኔ እስላለሁ። "ክብ እዚህ። ቀስት ወደ ግራ።" ከፊት አምስት ክብ አለ፤ እነሱ ግዙፎቹ ናቸው፣ ሥራቸው ሰው መግፋት ነው። አንድ ቡድን 10 ያርድ ለመራመድ አራት ሙከራ አለው። ብዙውን ጊዜ ጭንቁ ሦስተኛው ላይ ነው፤ እሱ ከከሸፈ በአራተኛው አብዛኞቹ ኳሷን ራሳቸው ወደ ተጋጣሚው አርቀው ይመቷታል። ያጠፋሁት ታዲያ የሦስተኛውን ነው። ከጠፋ አይቀር!

ስለ ሥራው የነገረኝ እየሳልን ነው። ግራጁዌት አሲስታንት ይባላል። ማስተርሱን ይማራል፣ ትምህርቱ ይከፈልለታል፣ የኪስ ገንዘብ ቢጤ ይሰጡታል። በተረፈ ቪዲዮ ይቆርጣል፣ ምግብ ያመላልሳል። ቀጥሎ ኳስ ተቀባዮቹን ወይም ሌላ አንድ ክፍል ብቻ የሚይዝ ረዳት ይሆናል። ከዚያ የማጥቃት ወይም የመከላከል አስተባባሪ። ከዚያ ዋና አሰልጣኝ።

"ደረጃ ነዋ" አልኩት።

"ደረጃ አይደለም" አለና ስለ ታዋቂው የኮሌጅ አሰልጣኝ ስለ ኒክ ሳባን ነገረኝ። ሳባን አሰልጣኝ የመሆን ሐሳቡም አልነበረው። እ.ኤ.አ. በ1973 ሚስቱ ትምህርቷን እስክትጨርስ ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግራጁዌት አሲስታንት ሆኖ ቆየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዋና የሆነው ቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ በ1990፣ ከ17 ዓመት በኋላ ነው። 9 አሸንፎ 2 ተሸነፈ። በዓመቱ ግን ትቶት ወደ ረዳትነት ተመለሰ፤ ክሊቭላንድ ብራውንስ የሚባል የፕሮፌሽናል ቡድን ገብቶ በዋናው አሰልጣኝ በቢል ቤሊቺክ ሥር መከላከሉን ያዘ። በኋላ ሰባት የኮሌጅ ሻምፒዮና ያነሣው ይኸው ሰው ነው። ሌላው አሰልጣኝ ዳቦ ስዊኒ ደግሞ አላባማ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኞቹን ሲያባርር አብሮ ወጥቶ ሁለት ዓመት ያህል በሪል እስቴት ሥራ ቆይቷል። ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲን ሁለት ጊዜ ሻምፒዮን ያደረገው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ ያን ጊዜ ለእናቴ "ዩኒቨርሲቲ ነው የምሠራው" ብያት ነበር። ውሸት አይደለም። ግን መጥረጊያውን አልነገርኳትም። እዚህ ሒሳብ እንደገና ከመጀመሪያ ኮርስ ተማር ሲሉኝ ያኮረፍኩ ሰው ነኝ። በዚያ ሳምንት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሄጄ ተመዘገብኩ። በልጁ ምክንያት ነው ብል አጋነንኩ፤ ጋሼም ሲጨቀጭቁኝ ከርመዋል።

ሲነጋጋ ጨረስን። የእኔ ክቦች ድንች ይመስላሉ። ዋናው አሰልጣኝ "ይሄን ማን ሳለው?" ቢለው "ቸኩዬ ነው" ብሎ ዋጠልኝ። ለጋሼ ግን ራሴ ነገርኳቸው። "ሰሌዳ እንዳትነካ አላልኩህም?" አሉና የቀረውን በሳቅ ጨረሱት። ከዚያ ወዲህ ልጁ ሰሌዳው ጥግ ላይ በትልቁ "አይጥፋ" ብሎ ይጽፍ፣ ከሥሩም ትንሽ መጥረጊያ ይስል ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ሄደ። የሄደው ትልቅ ቦታ አይደለም። የዲቪዥን ቱ፣ ማለትም የሁለተኛው እርከን፣ ትንሽ ኮሌጅ ነው፤ ማሊያም ያጥባል፣ ሹፌር ሲጠፋ አውቶቡስም ይነዳል። ከአዘኔታ ጋር ነው የሸኘሁት። አሁን አሰልጣኙን ከርት ሲግኔቲን ሳይ አዘኔታዬ ያስቀኛል። ሰውዬው አላባማ የሳባን ረዳት ነበር። በ2011፣ በ49 ዓመቱ፣ ደመወዙን አስቀንሶ የዲቪዥን ቱ ዋና አሰልጣኝ ሊሆን ኢንዲያና ገባ። ይቺ ኢንዲያና ደግሞ ፔንሲልቬንያ ያለች ከተማ ናት፣ ግዛቷ አይደለችም። ወደ ግዛቷ የደረሰው በኢሎንና በጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ዞሮ ነው። በ2024 ስመ ተሸናፊውን የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲን ይዞ 11 አሸነፈ። በቀጣዩ የውድድር ዓመት 16 ጨዋታ አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ ዋንጫውን ወሰደ።

የእኛው ዋና አሰልጣኝ ደግሞ ልጁ በሄደ ዓመት፣ ኅዳር መጨረሻ፣ እሑድ ቀን ተባረረ። እሱስ ውሉ ይከፍለዋል። በዚህ አገር ላለመሥራት የሚከፈለው ከመሥራት የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ በ2023 አሰልጣኙን ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር ያለበት። ረዳቶቹ ግን እንደዚያ አይደሉም። የእሑድ ሌሊት ስገባ ኮሪደሩ በካርቶን ተሞልቷል። የልጆች ፎቶ፣ የልጆች ሥዕል። አንዱ ረዳት በስልክ የልጁን ትምህርት ቤት ጉዳይ ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራል። የሁሉም ስም ከበሩ ላይ ተነቅሏል፤ የብሎኑ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል።

ሰሌዳው ግን እንዳለ ነው። ክቦቹ፣ ቀስቶቹ፣ ጥጉ ላይ "አይጥፋ"። መጥረጊያዋ የለችም፤ የሚስላት ሄዷል።

"ጋሼ፣ ይሄንስ ላጥፋው?"

በሩ ላይ ቆመው ትንሽ አሰቡ። "ተወው" አሉ። "አዲሱ ሰውዬ ሲመጣ ራሱ ያጥፋው።"