7ን ሳይናገሩ 7ን ማወቅ፦ የሽኖር ማረጋገጫ በእስክሪብቶ

ስለ ዜሮ ኖውሌጅ ፕሩፍ (ምስጢሩን ሳይገልጡ ማወቅን ማረጋገጥ) ሲነሳ አብዛኛው ማብራሪያ የዋሻና የበር ምሳሌ ላይ ይቆማል። ምሳሌው አይከፋም፤ ኮድ ለሚጽፍ ሰው የሚጠቅመው ግን ስሌቱ ነው። ክላውስ ሽኖር በ1989 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዘዴ ወረቀት ላይ ይሠራል።

የሚያስረዳው አበበ፣ የሚያረጋግጠው ጫላ ይሁኑ (በሶውና ጩቤው ለጊዜው ይቀመጡ)። እያንዳንዱን ውጤት ለ23 አካፍለን ቀሪውን ብቻ እንይዛለን። መነሻው 2 ነው። 2 ፓወር 11 ቀሪው 1 ስለሆነ ፓወሮቹን ለ11 እናካፍላለን። የአበበ ምስጢር 7 ነው፤ 2 ፓወር 7 128፣ ቀሪው 13። 13 የይፋ ቁልፉ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል።

አበበ በዘፈቀደ 5ን መርጦ ይደብቃል፤ 2 ፓወር 5 32 ነውና ቀሪውን 9ን ይልካል። ጫላ 9 እጁ ከገባ በኋላ ጥያቄ ይመርጣል፤ 3 እንበል። አበበ 3ን በ7 አባዝቶ 5 ይደምርበታል፤ 26፣ ለ11 ሲካፈል ቀሪው 4። ጫላ ያመሳክራል፦ 2 ፓወር 4 16 ነው። 13 ፓወር 3 ቀሪው 12፤ በ9 ሲባዛ 108፣ ቀሪው 16። ገጠመ።

ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። 3 እንደሚመጣ ቀድሞ ያወቀ ሰው፣ 7ን ባያውቅም፣ 4ን ከኪሱ ያወጣና 16ን ለ12 ያካፍላል። እዚህ ለ12 ማካፈል በ2 ማባዛት ነው (12 በ2 ሲባዛ 24፣ ቀሪው 1 ስለሆነ)፤ 32፣ ቀሪው 9። ያው 9፣ 3፣ 4 ወጣ! ድክመት ይመስላል፤ ምስጢሩ አለመውጣቱን የሚያስረዳውም ግን ይኸው ነው። ጥያቄው በእውነት በዘፈቀደ እስከተመረጠ ድረስ፣ ጫላ ብቻውን ቁጭ ብሎ ሊፈበርከው የሚችለው ልውውጥ ስለ 7 ምንም አይነግረውም።

ነገር የሚበላሸው 5 ላይ ነው። አበበ ያንኑ 5 ደግሞ ቢጠቀምና ጫላ አሁን 8 ብሎ ቢጠይቅ መልሱ 61፣ ቀሪው 6 ይሆናል። የመልሶቹ ልዩነት 2፣ የጥያቄዎቹ 5። በ11 ስሌት ለ5 ማካፈል በ9 ማባዛት ነው፤ 18፣ ቀሪው 7። ምስጢሩ ወጣ። የፕሌይስቴሽን 3 የፊርማ ቁልፍ በ2010 እ.ኤ.አ. የተጋለጠው በዚሁ ዓይነት ስህተት ነበር፤ ፊርማው ኢሲዲኤስኤ የተባለ ሌላ የዲጂታል ፊርማ ዘዴ ቢሆንም ሒሳቡ ዘመዳሞች ናቸው።

ሌላው ወጥመድ ጫላ በሌለበት ነው። በፊያት ሻሚር ዘዴ ጥያቄውን በጫላ ምትክ ሃሽ (የገባለትን ወደማይገመት ቁጥር የሚቀይር ስሌት) ይሰጣል። ሃሹ ውስጥ የገባው 9 ብቻ ከሆነ፣ አጭበርባሪ መልሱን እንዳሻው ይመርጥና የሚገጥመውን የይፋ ቁልፍ ወደ ኋላ ያሰላል። ስለዚህ 2ም፣ 13ም፣ መልእክት ካለም እሱ ጭምር አብረው ሃሽ ይደረጉ።

በ11 ምትክ የሚገባው ቁጥር በተግባር 256 ቢት ያህል ነው፤ አለዚያ ጥያቄውን ከ11 አንዴ በግምት ማግኘት ይቻላል።