ትእዛዙን የጣስኩት እኔ ነበርኩ

ልጄ ስድስት ዓመቱ ሳለ፣ አንድ ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ የተፋታሁት አባቱ በፍርድ ቤቱ የጉብኝት ትእዛዝ መሠረት ሊወስደው መጥቶ በራችንን ሲያንኳኳ፣ እኔ የሳሎኑን መብራት አጥፍቼ ልጄን አቅፌ መኝታ ቤት ተቀምጬ ነበር። ፒጃማውና የጥርስ ብሩሹ ያለበት ቦርሳ በሩ ሥር ተቀምጧል፤ እስከዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ድረስ ልልከው ቆርጬ ነበርና። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የባንክ ሒሳቤን ከፍቼ የሦስተኛው ወር ቀለብም እንዳልገባ ማየቴ ነው። አባቱ ሦስት ጊዜ አንኳኳ፣ የልጁን ስም ጠራ፣ ከዚያም ዝም አለ። በመጋረጃው ጠርዝ አጮልቄ ሳይ የተዘጋውን በር በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ወደ መኪናው ተመለሰ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ተራው ሲደርስ፣ ያንኑ ደገምኩት።

ይህ የሆነው ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ዛሬ ልጽፈው የተነሣሁት በቤተ ክርስቲያን ግቢም ሆነ በልጆች ልደት ላይ የማገኛቸው የተፋቱ እናቶችና አባቶች ያን ጊዜ እኔ ለራሴ የነገርኩትን ቃል ሲናገሩ ስለምሰማ ነው፦ «ገንዘቡን ሳይሰጥ ልጁን አያይም።» በአገራችን ሰው ጆሮ ይህ አባባል ፍትሐዊ ይመስላል። በፍርድ ቤት ፊት ግን ምን እንደሚመስል እኔ ቆሜ አይቼዋለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት የሸሪፍ መሥሪያ ቤት ባልደረባ መጥሪያ ይዞ መጣ። መጥሪያው፣ ልጅን ስለማሳደግና ስለመጎብኘት የተሰጠውን ትእዛዝ በመጣስ ለምን እንደማልቀጣ በቀጠሮው ቀን ቀርቤ እንዳስረዳ የሚያዝ ነበር። የማስረዳቱ ሸክም በእኔ ላይ መውደቁ ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ስለ ቀለቡ የምናገርበት ዕድል አገኘሁ ብዬ የባንክ ወረቀቶቼን አትሜ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። የአማርኛ አስተርጓሚ ተመደበልኝ። ዳኛዋ የጠየቁኝ ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ትእዛዝ ደርሶኝ ያውቅ እንደሆነ፣ በተባሉት ሁለት ዓርቦች ልጁ እኔ ዘንድ እንደነበረ፣ ለአባቱ አስረክቤው እንደሆነ። ሦስቱንም በእውነት መለስኩ። ፌስታሌን ስከፍት ዳኛዋ በትዕግሥት እስክጨርስ ሰሙኝና ያልተከፈለ ቀለብ በራሱ መዝገብ፣ በራሱ ቀጠሮ የሚታይ ጉዳይ መሆኑን፣ ልጁ ከአባቱ ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ ግን ለዕዳ መያዣ ሊሆን እንደማይችል ነገሩኝ።

አልታሰርኩም። ያመለጡት ሁለት ቅዳሜና እሑዶች እንዲካካሱ፣ ከአባቱ የጠበቃ ወጪም ከፊሉን እንድከፍል ታዘዘ። ለጽዳት ሥራ ከማገኘው ደመወዝ ያንን ለመክፈል አራት ወር ፈጅቶብኛል።

ሕጉን ራሱን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀድሜ ባነበብኩት ኖሮ ያን ዓርብ በሩን እከፍት ነበር። ፍርድ ቤት ትእዛዙ እንዲከበር ችሎት መድፈርን በሚመለከተው ሥልጣኑ ከሚወስደው እርምጃ ሌላ፣ የቨርጂኒያ የወንጀል ሕግ ለዚሁ ነገር ብቻ የተጻፈ ድንጋጌ አለው፤ ቁጥሩ 18.2-49.1 ነው። እያወቀ፣ ሆን ብሎና ያለ አግባብ የፍርድ ቤቱን የአሳዳጊነት ወይም የጉብኝት ትእዛዝ በግልጽና ጉልህ በሆነ መንገድ የጣሰ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋተኛ ሲባል እስከ 500 ዶላር ይቀጣል። ከመጀመሪያው ፍርድ በኋላ በ12 ወር ውስጥ ከደገመው ቅጣቱ እስከ 6 ወር እስራት፣ በ24 ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ከፈጸመው ደግሞ እስከ 12 ወር እስራት ሊደርስ ይችላል። ልጁ በዚህ ዓይነት ከስቴቱ ውጭ ከተያዘ ግን ነገሩ ከከባድ ወንጀል ተርታ ይገባና ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ሊያስከትል ይችላል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም እኛ ቨርጂኒያ ካለችው አሌክሳንድሪያ ተነሥተን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እህታችን ቤት ስንሄድ ስቴት የተሻገርን አይመስለንም። ተራው የአባትየው በሆነበት ሳምንት ልጁን እህቷ ቤት ሜሪላንድ ያስቀመጠች እናት በሕጉ ዓይን ልጁን ከስቴቱ ውጭ የያዘች ናት። መኖሪያ መቀየርም እንዲሁ ነው፤ በቨርጂኒያ የሚሰጡ ትእዛዞች፣ ዳኛው በበቂ ምክንያት ካልተዉት በስተቀር፣ አድራሻ የሚቀይር ወላጅ ከ30 ቀን በፊት ለፍርድ ቤቱም ለሌላኛው ወላጅም በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያስገድዳሉ። ብዙ ሰው ይህን አንቀጽ ሳያነብ ይፈርማል።

ከገንዘቡም ከእስራቱም ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሌላ ነው። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 20-108፣ አንድ ወላጅ ያለ በቂ ምክንያት ሆን ብሎ ልጅን ከሌላኛው ወላጅ ጋር እንዳይገናኝ ቢከለክል፣ ያ ድርጊት የአሳዳጊነቱን ውሳኔ እንደገና ለማየት የሚያበቃ የሁኔታ ለውጥ ሆኖ ሊቆጠር እንደሚችል ይናገራል። ዳኛ የልጁን ጥቅም ሲመዝን ከሚያያቸው ነጥቦች አንዱም እያንዳንዱ ወላጅ ልጁ ከሌላኛው ወላጅ ጋር ያለውን ግንኙነት ምን ያህል እንደሚደግፍ ነው። ልጄን አጥብቄ የያዝኩ በመሰለኝ በእነዚያ ሁለት ምሽቶች ልጄን የማጣበትን ማስረጃ በገዛ እጄ እየሠራሁ ነበር። አባቱ አሳዳጊነቱ ወደ እሱ እንዲዞር ቢጠይቅ ኖሮ ያ የተዘጋ በር ፎቶ ከመዝገቡ ጋር ይያያዝ ነበር። አልጠየቀም፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ቀለቡን በተመለከተ ልገባበት ይገባኝ የነበረው በር ሌላ ነበር። የልጅ ቀለብ አስከፋዩ የስቴቱ መሥሪያ ቤት ከደመወዝ ማስቆረጥ፣ የግብር ተመላሽን መያዝ፣ መንጃ ፈቃድን እስከ ማሳገድ የሚደርስ ሥልጣን አለው። ከፍርዱ በኋላ አመለከትኩ፤ ውዝፉ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይገባልኝ ጀመር።

ሌላው የእኛ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ሽምግልና ነው። ሽማግሌ መቀመጡን እወደዋለሁ፤ እኛንም ቂም እንዳንያያዝ ያደረጉን አባቶች ናቸው። ችግሩ የሚመጣው በሽማግሌ ፊት የተስማማነው ነገር የፍርድ ቤቱን ወረቀት የሻረ ሲመስለን ነው። «ክረምቱን በሙሉ እሷ ትያዘው፣ በምትኩ በዓላቱን እሱ ይውሰድ» ተብሎ፣ ተመርቆ፣ ቡና ተጠጥቶ ይለያያሉ። ነሐሴ ላይ ሲጣሉ ግን ፖሊስም ዳኛም የሚያነበው የድሮውን ትእዛዝ ነው። ስምምነቱ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ሁለቱም ፈርመውበት፣ ዳኛ አጽድቆት ትእዛዝ እስኪሆን ድረስ የቀደመው ጸንቶ ይቆያል። በሽማግሌ ቃል ተማምኖ ልጁን ያቆየ ሰው ያንን በማስረጃነት ሊያቀርብ ይችል ይሆናል፤ የሽማግሌው ቃል ግን ትእዛዙን አይለውጠውም።

ከሁሉ የሚከብደው የአዲስ አበባ ጉዞ ነው። ከዋሽንግተን ደለስ በቀጥታ በረራ በአንድ ሌሊት አዲስ አበባ ይገባል፤ አያት ልጁን ልታይ ትናፍቃለች፤ ወላጅ ፈቃዱን ጽፎ ይሰጣል። ከዚያ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ስልክ ይደወላል፦ «እዚህ ይማር፣ አገሩን ይወቅ።» ይህን የሚለው ሰው ራሱን እንደ ወንጀለኛ አያይም፤ ልጁን ወደ ወገኑ ያመጣ ነው የሚመስለው። የአሜሪካ ፌደራል ሕግ ግን እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ድንጋጌ፣ የሌላኛውን ወላጅ መብት ለማሰናከል አስቦ ከ16 ዓመት በታች ያለን ልጅ ከአገር ያስወጣን ብቻ ሳይሆን በውጭ አገር ያስቀረንም ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። መውጫው በፈቃድ መሆኑ መቅረቱን ሕጋዊ አያደርገውም።

ልጁን መመለሱ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ያለ አግባብ የተወሰዱ ልጆችን በፍጥነት ለመመለስ እ.ኤ.አ. በ1980 በሔግ የተደረገው ስምምነት አለ፤ አሜሪካ አባል ናት፣ ኢትዮጵያ ግን አይደለችም። ስለዚህ እዚህ የቀረው ወላጅ የቨርጂኒያውን ትእዛዝ ይዞ ቦሌ ቢወርድ፣ ወረቀቱን አይቶ ልጁን የሚያስረክበው አካል የለም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የውጭ አገር ፍርድ እንዲፈጸም ሲጠየቅ ያንን ፍርድ የሰጠው አገር የኢትዮጵያን ፍርድ ያስፈጽም እንደሆነ፣ ተከራካሪው የመከላከል ዕድል አግኝቶ እንደነበረ፣ ፍርዱ የመጨረሻ መሆኑን፣ ከሕዝብ ጸጥታና ሞራል ጋር እንደማይጋጭ መርምሩ ይላል። ከዚያም በላይ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የልጅን ደኅንነት ስለሚያስቀድም፣ ሰበር ሰሚ ችሎቱም በመዝገብ ቁጥር 23632 ልጅ ያሳደጉ አክስትን ከወላጅ አባት ያስቀደመው በዚሁ መሠረት ስለሆነ፣ የአዲስ አበባው ዳኛ ልጁ ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ማየቱ አይቀርም። ክርክሩ በዘገየ ቁጥር ልጁ አዲሱን ሕይወት ይለምዳል፤ እዚህ የቀረው እናት ወይም አባት ደግሞ በስልክ የሚሰማው ድምፅ እየተለወጠበት ይሄዳል።

ልጁን ያስቀረውም ቢሆን አያተርፍም። የእስር ማዘዣ ወጥቶበት ከሆነ ወደ አሜሪካ የሚመለስበት ቀን የሚታሰርበት ቀን ነው። ዜጋ ካልሆነ ደግሞ በኢሚግሬሽን ሕጉ፣ አሜሪካዊ ዜጋ የሆነን ልጅ ከፍርድ ቤት ትእዛዝ ውጭ በውጭ አገር የያዘ ሰው ልጁን እስኪያስረክብ ድረስ መግባት አይፈቀድለትም። ይህ ክልከላ የሔግ ስምምነት አባል በሆኑ አገሮች ላሉ ልጆች አይሠራም፤ ኢትዮጵያ አባል ባለመሆኗ ግን በእኛ ላይ ይሠራል። አውቀው የረዱት፣ ቤት የሰጡትና ገንዘብ የላኩለት ሰዎችም፣ ወላጆቹና ወንድም እህቶቹም ጭምር፣ በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ውሳኔ ቪዛ ሊከለከሉ ይችላሉ። የልጅ ልጇን ለማየት ቪዛ የምትጠባበቅ አያት ይህን ብታውቅ ልጁን ለማስቀረት የምትተባበር አይመስለኝም።

ልጁ አደጋ ላይ ነው ብሎ የሚፈራ ወላጅ እኔ ያደረግኩትን አያድርግ፤ ዝምም አይበል። ለፖሊስ ይደውል፣ በዚያው ቀን የመከላከያ ትእዛዝ ይጠይቅ። አስቸኳዩ ለሦስት ቀን ገደማ፣ ቀጥሎ የሚሰጠው ጊዜያዊ ትእዛዝ ለ15 ቀን ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የጉብኝቱ ትእዛዝ እንዲታገድ ወይም በሌላ ሰው ፊት ብቻ እንዲሆን ማመልከት ይቻላል። ከጥቃት የሸሸ ሰው በዚያው በ1993ቱ የፌደራል ሕግ መከላከያ አለው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ልጁን የማቆየት ውሳኔ በዳኛ እጅ ገብቷል፤ እኔ ያን ዓርብ ለራሴ የሰጠሁት ሥልጣን ያ ነበር።

ባለፈው ክረምት አባቱ ልጃችንን ይዞ እናቱን ሊያሳይ አዲስ አበባ ሄደ። ከመሄዳቸው በፊት ሁለታችን የተስማማንበትን ወረቀት ዳኛ አጽድቆልናል፤ የደርሶ መልስ ቲኬቱ ቅጂ፣ የሚመለሱበት ቀን፣ የልጁ ፓስፖርት በተመለሱ በሦስት ቀን ውስጥ ለእኔ እንደሚሰጥ ተጽፎበታል። ፈርቼ ነበር፤ አሁንም አልክድም። የመመለሻቸው ሌሊት በረራው ተሰረዘ። አየር መንገዱ የላከለትን መልእክት ከቦሌ ፎቶ አንሥቶ የላከልኝ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ነው። የ1993ቱ ሕግ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ልጁን በቀኑ መመለስ ያልቻለ ወላጅ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅና ልጁን በተቻለ ፍጥነት እንዲመልስ ይላል፤ እሱም አንብቦት ኖሯል። መልእክቱን አትሜ ከትእዛዙ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስቀመጥኩት። በማግሥቱ ደለስ ልቀበላቸው ቆሜ ልጄ አያቱ የቋጠረችለትን ቆሎ በሁለት እጁ አቅፎ ወጣ፤ ቦርሳውን የያዘለት አባቱ ነበር።